ለጤና ክበብ ውድድር የሚሆን ጥያቄ ያለው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ አስተምራለሁ። ቅዳሜ የጤና ክበባችን የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። «የሰው ልጅ ስንት አጥንት አለው?» ስላቸው ሳልጨርስ «206!» ብለው ይጮሁብኛል። የሚያስገርም፣ መልሱ ግን የማያከራክር ነገር ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ። ዳኛው የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ መምህር፣ ያቺኑ ገልብጧት። «አጥንት የሚበዛው ማን ነው፣ አራስ ሕፃን ወይስ አዋቂ?» ሕፃኑ ነው። ወደ 300 ይጠጋል፤ ሲያድግ አንዳንዱ እየተጋጠመ 206 ይሆናል።

ነርስ ነኝ፦ የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምት ስንቆጥር አውራ ጣት የማንጠቀመው ለምንድን ነው? የራሱ ምት ስላለው ከታካሚው ጋር ይምታታል። ይህን የምወደው እዚያው ስለሚሞከር ነው። ሁለት ልጆች መድረክ ላይ ያውጡ። አንዱ የሌላውን አንጓ፣ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ጎን፣ በራሱ ጠቋሚና መሃል ጣት ይንካ። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ያባዛ። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። መድረክ ላይ የቆመ ተማሪ ቢያልፍ አይገርምም፣ ፍርሃት ነው።

ሰማያዊ ደም፦ ደም ከሰውነት እስኪወጣ ሰማያዊ ነው የሚባለውስ?

ነርስ ነኝ፦ ኧረ እሱን እንዳያስገቡ! ሁሌም ቀይ ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ይጠቁራል እንጂ።

የሚኒባስ ረዳት፦ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ የተሳፋሪው ጆሮ ይደፈናል። ይሄ ጥያቄ አይሆንም?

ነርስ ነኝ፦ እንዴት አይሆንም! ከሁሉም በለጠ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ግን ገና የደሴው ነው። ስለዚህ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል። ምራቅ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቱቦ ይከፈትና ቷ ብሎ ይለቀቃል።

እንዶድ፦ የአገራችን ሰውም ይግባ እንጂ። እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ያስተዋለው ማን ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! የሐረጎዋን ለመጨረሻው ዙር ይዣታለሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ለምን ይብስበታል ብለው ቢያፋጥጡኝስ?

ነርስ ነኝ፦ ቱቦው ስለሚያብጥ ነዋ፤ ቶሎ አይከፈትም።