የመስሚያ መርጃ መሣሪያ አሁን ልጀምር ወይስ ልቆይ?

ጡረተኛው፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዕድሜዬ 67 ሲሆን የምኖረው ከልጆቼ ጋር አሌክሳንድሪያ ነው። በቅርቡ በተደረገልኝ የመስማት ምርመራ ሁለቱም ጆሮዎቼ ወፍራም ድምፆችን ደኅና እንደሚሰሙ፣ ከ3000 ኸርዝ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ግን 55 ዴሲቤል ያህል ካልደረሱ እንደማይሰሙ ታወቀ። ባለሙያዋ ለሁለቱም ጆሮ መሣሪያ እንድገዛ መከረችኝ፤ ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ መደበኛው ሜዲኬርም (መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) አይከፍልም። ጸጥ ባለ ቤት ከአንድ ሰው ጋር ስነጋገር ምንም አይጎድለኝም። የምቸገረው ለቅሶ ቤት፣ ሰንበቴ ላይ፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቼ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩኝ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ልጆቼ አሁኑኑ እንድገዛ ይወተውቱኛል፤ እኔ ደግሞ ገና በዚህ ደረጃ ላይ ሳለሁ ከጀመርኩ ጆሮዬ በመሣሪያው ተማምኖ ይሰንፍ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ከመደብር የሚገዛውስ ይበቃኝ ይሆን?

ወለላ፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ በዚህ ሙያ ስለምሠራ የማውቀውን ላካፍልዎት። ድምፁ እየተሰማ ቃሉ አለመለየቱ የዚህ ዓይነቱ የመስማት መቀነስ ዋና ምልክት ነው። የንግግር ጉልበት ያለው በአናባቢዎቹ ላይ ሲሆን እነርሱ በአመዛኙ እርስዎ ደኅና በሚሰሙበት ክልል ያርፋሉ፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት እንደ ሰ፣ ፈ፣ ሸ እና ጸ ያሉት ድምፆች ግን ቀጫጭን ስለሆኑ ቀድመው ይጠፋሉ። "ሰላ" እና "ፈላ" አንድ ሆነው ቢሰሙዎት አይግረምዎት።

በልክዎ የተስተካከለ መሣሪያ ጆሮን አያሰንፍም። ይልቁንም አንጎል እነዚያን ድምፆች ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ከቆየ፣ በኋላ ሲመለሱለት መልመዱ ሊከብደው ይችላል። ነገር ግን "ካልገዙ የመርሳት በሽታ ይይዝዎታል" ብሎ የሚያስፈራራ ሻጭ ካጋጠመዎት አይቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በላንሴት መጽሔት የታተመው አቺቭ የተሰኘ ጥናት ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን 977 ሰዎች፣ ለከፊሎቹ መሣሪያ ሰጥቶ ለሌሎቹ ሳይሰጥ፣ ለ3 ዓመት ተከታትሎ፣ በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ በማሰብ ችሎታ ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ የማሰብ ችሎታቸው ለመዳከም ይበልጥ በተጋለጡት መካከል ግን መሣሪያ ባገኙት ላይ ማሽቆልቆሉ በ48 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። እርስዎ የሚወስኑት ዛሬ ሰንበቴ ላይ ስለሚያመልጥዎት ወሬ ቢሆን ይሻላል፤ እሱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ያለ ትእዛዝ የሚሸጡት እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የተፈቀዱ ሲሆን፣ የታሰቡትም መስማታቸው በቀላል ወይም በመካከለኛ ደረጃ ለቀነሰ አዋቂዎች ነው። እርስዎም ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ፤ ነገር ግን በስልክ መተግበሪያ ራስዎ ማስተካከል ይጠበቅብዎታል። ጥሩ ባለሙያ ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ ከጆሮዎ ታምቡር አጠገብ አስገብቶ፣ መሣሪያው በእርስዎ ጆሮ ውስጥ የሚያወጣውን ድምፅ ይለካል። ይህን ልኬት የማያደርግ ቤት ከሆነ ብዙ ገንዘብ መክፈልዎ ለእኔ ትርጉም የለውም። ደግሞም የቃላት ምርመራው በእንግሊዝኛ ተደርጎልዎት እንደሆነ ያስታውሱ፤ ዝቅ ያለ ውጤት ከጆሮ ሳይሆን ከቋንቋው እንግዳነት ሊመጣ ይችላል።

የሸዋ ልጅ፣ ዴንቨር

እኔ ራሴ ተጠቃሚ ነኝ፤ ወለላ ባለችው ላይ የምጨምረው ስለ መልመዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሴ ድምፅ ጋን ውስጥ ሆኜ የምናገር ያህል ይሰማኝ ነበር፣ የወረቀትና የሳሕን ኳኳታም ያስመርረኝ ነበር። ብዙ ሰው መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ማድረግ፣ የሚረብሽዎትን ጽፎ መያዝና ለማስተካከል ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ ተከታዮቹ ቀጠሮዎች በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን፣ ባይስማማዎት ደግሞ በስንት ቀን ውስጥ መልሰው ስንት እንደሚቀነስብዎት በጽሑፍ ይቀበሉ።

ለቅሶ ቤት ከጫጫታው ሙሉ በሙሉ ይገላግለኛል ብለው ግን አይጠብቁ። ያግዛል እንጂ የወጣትነት ጆሮ አይመልስም። እኔ አሁንም ጫጫታውን ከኋላዬ አድርጌ፣ የሚያወራኝን ሰው ፊት እያየሁ ነው የምቀመጠው።

ነርሷ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ የሁለቱም ጆሮዎ መስማት እኩል የቀነሰ ስለሆነ ለእርስዎ ላያሰጋ ይችላል፤ ሌሎች አንባቢዎች ግን ልብ ይበሉ። መስማት በድንገት ከጠፋ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ከቀነሰ፣ መግል ወይም ማዞር ካለው፣ ከመሣሪያው በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ይኖርበታል። በተለይ ድንገተኛው በቀናት ውስጥ መታከም ያለበት ነው። አንዳንድ ጊዜም ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ጡረተኛው፣ ቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቃላቱ ምርመራ በእርግጥም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ይህን ለባለሙያዋ እነግራታለሁ። ልኬቱን የምታደርግና የመመለሻ ጊዜውን በጽሑፍ የምትሰጠኝ ከሆነ ከእርሷ ዘንድ እጀምራለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ቤት እንድትፈልግልኝ ልጄን ነግሬያታለሁ።