አባቴ ስትሮክ ከመታው ሦስት ሳምንቱ፤ ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 67 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቡና እየጠጣ ሲኒው ከእጁ ወደቀ፤ አፉም ተጣመመ። ጎረቤት «መጋኛ ነው» ብሎ ዳማከሴ ሲያሸው ረፈደ። ሆስፒታል የደረስነው ከሰዓት ነው። በሲቲ ስካን ሲታይ የረጋ ደም ነው አሉን። አሁን ቤት ነን። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ እንዲፍታታ ብለን በየቀኑ እንስበዋለን። ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ትን ይለዋል። የግፊት ክኒኑን «ደህና ነኝ» ብሎ አቁሞ ነበር። ከዚያ ይሆን?

ነርሷ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ትንታውን አትናቂው። ውኃው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። መዋጡን ሐኪም ይይለት፤ ካተኮሰው ዛሬውኑ ውሰጂው። እስከዚያ ተኝቶ አይብላ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያውን መዋጡን አይታችሁ ሁለተኛውን። ክኒኑን ማቆሙ ሳይሆን አይቀርም። ግፊት እኮ አያምም፤ ደህና ያደረገው ክኒኑ ነበር።

ከአዳማ፦ ምልክቱ እንደታየ አስፕሪን መስጠት አይሻልም? እኛ ቤት አይጠፋም።

ነርሷ፦ ተው ወንድሜ! ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስም ስትሮክ ነው፤ በዓይን አይለይም። እየፈሰሰ ከሆነ አስፕሪኑ ያባብሰዋል። ሲቲ ስካን ሳይነሳ ምንም አይዋጥ። የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ባለበት ሆስፒታል፣ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ያዙ፣ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋ ደውሉ። ዳማከሴው ይቆይ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ እባካችሁ እጁን አትሳቡት! ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይወርዳል፤ ሕመሙ ከስትሮኩ የባሰ ያስለቅሳል። ከአልጋ ስታነሱት ከወገቡ ደግፉት። ሲቀመጥ ክንዱ ትራስ ላይ ይረፍ። በደህናው እጁ የደከመውን ይዞ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ይግፋ፣ በቀን ደጋግሞ። የለመደውን ዕቃም አስይዙት። ብዙው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል።

ከሐዋሳ፦ እናቴ እጇ ሲሻላት ማልቀስ ጀመረች። እኛ አኩርፋ መስሎን ነበር፤ ሐኪሙ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘላት። አባትሽ ዝም ካለ ጠይቂው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን። ማታ ትራሱን አደረግንለትና ባዶ ሲኒ አስያዝኩት። በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ያዘና «ቡናውስ?» አለኝ።