ክረምት በመጣ ቁጥር የፈረሴ እግር ይቆስላል፣ ምን ላድርግ?

ዳማው_ከእንጅባራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት የኋላ እግሮቹ ከታች ነጭ የሆኑ ዳማ ፈረስ አለኝ። ሰኔ ገብቶ መሬቱ መጨቅየት ሲጀምር ከሰኮናው ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ቅርፊት ያወጣል። ጸጉሩ ጭብጥ ጭብጥ ብሎ ይጣበቃል፣ ቅርፊቱን ሳነሳው ከነጸጉሩ ይመጣና ሥሩ ቀይ ሥጋ ነው፣ ፈረሱም እግሩን ይመነጭቀኛል። ጥቁሮቹ የፊት እግሮቹ ግን ሰላም ናቸው። ጥር 23 ለፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ ምንም የለበትም፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያው ነው። በየቀኑ አጥበዋለሁ፣ ለውጥ የለም።

የጋሪው_ልጅ፦
እኛ ሰፈር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው የሚቀባው። ውሃ አያስገባም፣ ዝንብም አይጠጋውም። ሞክረው።

ሰኮና፦
ኧረ ተው ወንድሜ! የተቃጠለ ዘይት ቆዳውን ራሱ ያቃጥላል፣ እርጥበቱንም ከነባክቴሪያው ከሥር ቆልፎ ያስቀምጠዋል። የእንስሳት ሕክምና ላይ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ እግር በየክረምቱ ይመጣልኛል።

ዳማው፣ እንደነገርከን ከሆነ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያመጣው ደርማቶፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ከብት ላይም ይወጣል። ቅርፊቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ቆዳው በውሃ ሲርስ ይነሳል። ነጭ እግር ላይ የሚብሰው ከሥሩ ያለው ሮዝ ቆዳ በቀላሉ ስለሚጎዳ ነው። በየቀኑ ማጠቡን ተወው፣ ያው ጭቃው የሚያደርገውን ነው የምታደርገው። ጸጉሩን በመቀስ ከርክም። ቅርፊቱን በደረቁ አትላጥ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰህ ሲለሰልስ በቀላሉ የሚለቀውን ብቻ አንሳ። ከዚያ ክሎረሄክሲዲን በሚባለው ጀርም ገዳይ የቁስል ማጠቢያ እሸው፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ አለቅልቀውና በንጹሕ ጨርቅ ድርቅ እስኪል አድርቀው። ዋናው ማድረቁ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውም እሱን ነው። ጓንት አድርግ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ያነሳኸውን ቅርፊት ጋጣው ውስጥ አትጣል።

እግሩ ካበጠ፣ ካነከሰ ወይም ካተኮሰው ግን ቤት ውስጥ አትሞክር፣ ሐኪም ይየው። እንደ ገመድ በተወጠረ መስመር ወደ ላይ የሚወጣና እየፈነዳ መግል የሚያፈስ እብጠት ካየህ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ ከሌሎቹ ፈረሶች ለየው፣ ኮርቻና ብሩሽም አታጋራ።

እትዬ_ፈረሴ፦
ልጄ፣ ማታ የት ነው የሚያድረው? ፋንድያና ሽንት ላይ ቆሞ የሚያድር ከሆነ መድኃኒቱ ምን ይሠራል? እኔ የጋጣውን ወለል በጠጠር ከፍ አድርጌ ጭድ እየቀያየርኩ ነው ክረምቱን የማሳልፈው። ጭድ ቢወደድም ከሐኪም ይረክሳል።

ዳማው_ከእንጅባራ፦
እትዬ ልክ ነዎት፣ ጋጣው ውሃ ይቋጥራል። ሰኮና፣ በምላጭ ብላጨውስ አይሻልም? ሌሊት መሬት ሲደበድብም እሰማዋለሁ።

ሰኮና፦
በምላጭ አይሆንም፣ ቆዳውን ትቆርጠዋለህ። የሌሊቱ ድብደባ ግን የእከክ ነፍሳትም ሊሆን ይችላል። የሚኖሩት ቆዳው ላይ ላዩን ስለሆነ አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻውን ብዙ አያጠፋቸውም። ከቅርፊቱ ትንሽ በፕላስቲክ ይዘህ በአቅራቢያህ ወዳለው ክሊኒክ ሂድ፣ በማይክሮስኮፕ ይታይልህ።