ሁለት ሰዎች ዓለምን እንደ ዳቦ የሚቆርሱበት የድሮ ካርቱን የማን ነው?

ሰላም ወገን፣ ለንደን ያለችው አክስቴ ሳሎን ውስጥ አንድ የድሮ ካርቱን ተሰቅሏል፣ አንዱ ቀጭን አፍንጫው ሹል ነው፣ ሌላው አጭር ሆኖ ላባ የሰካ ትልቅ ባርኔጣ አድርጓል፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን መሬት እየቆረሱ ነው። አክስቴን ብጠይቃት «ከአሮጌ እቃ ገበያ ገዛሁት እንጂ እኔ ምኑን አውቄ» አለችኝ። ማን ነው የሳለው? ደሞ ያኔ በመሪ ሲቀልዱ አይታሰሩም ነበር እንዴ?

መልስ 1፦ ወንድሜ ይሄማ የጄምስ ጊልሬይ ነው፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1805 የወጣ። ቀጭኑ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ፒት፣ አጭሩ ናፖሊዮን። የሚቆርሱት ዳቦ ሳይሆን ፕለም ፑዲንግ የሚሉት የገና ምግባቸው ነው። ጠጋ ብለህ እየው፣ ፒት ተረጋግቶ ተቀምጦ ባህሩን በሰፊው ይገምጣል፣ ሹካው ራሱ ባለሶስት ጥርስ የባህር አምላክ ጦር ይመስላል፣ ናፖሊዮን ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ አውሮፓን በሰይፍ እየቦጨቀ ነው ስስቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

መልስ 2፦ ናፖሊዮን ድንክ ነበር የምንለው እኮ በብዛት የዚህ ሰውዬ ስራ ነው 😂 ቁመቱ 1.68 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለዘመኑ ደህና ቁመት። ጊልሬይ «ትንሹ ቦኒ» እያለ እንደ አኩራፊ ህፃን ሲስለው ሲስለው እስከዛሬ ተጣበቀበት።

መልስ 3፦ ስለ መታሰሩ፣ ጊልሬይ በ1796 ተይዞ ነበር ግን ጉዳዩ ተድበስብሶ ቀረ፣ በዓመቱ ከፒት መንግስት በዓመት 200 ፓውንድ አበል ተቆረጠለት 🙂 ስለዚህ ነፃ ብዕር ምናምን ብላችሁ ብዙ አታጋንኑት። የኔ ጀግና ሌላው ካርቱኒስት ጆርጅ ክሩክሻንክ ነው፣ በ1820 የእንግሊዙን ንጉስ ጆርጅ አራተኛን በብልግና እንዳይስል ብለው 100 ፓውንድ ሰጡት፣ ፈርሞ ተቀበለ፣ እዛው ዓመት የንጉሱንና የሚስቱን ጣጣ በካርቱን አወጣው። ብሩንም በላ ስራውንም ሰራ።

መልስ 4፦ አሰራሩንም ልጨምር። መዳብ ላይ ሰም ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ አሲዱ የተጫረውን ይበላዋል፣ ሲታተም ስለሚገለበጥ ፅሁፉን ሁሉ ወደኋላ ነው የሚፅፈው። ቀለሙ በእጅ ስለሚቀባ አንዱ ኮፒ ከሌላው ይለያል። አሳታሚዋ ሃና ሃምፍሪ ትባላለች፣ ሴንት ጀምስ ስትሪት ሱቅ ነበራት፣ ጊልሬይም እዛው ከሷ ጋር ይኖር ነበር። ሰው መስኮቱ ላይ ተኮልኩሎ ነበር የሚያየው፣ እሱንም በ1808 ስሎታል፣ ህዝቡ መስኮቱ ላይ አፍጥጦ አንድ ሽማግሌ ከኋላቸው በረዶ አንሸራቶት ወድቋል፣ ወድቆም ቴርሞሜትሩን ቀጥ አድርጎ ይዟል። አክስትህ ጋ ያለውን ግን በማጉያ መነፅር እየው፣ ቀለሙ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ የዘመናችን ህትመት ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጣችሁ። አየሁት፣ ከስር ሃምፍሪ 27 ሴንት ጀምስ ስትሪት ይላል፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከዛ በማጉያ ሳየው ነጠብጣብ በነጠብጣብ 😅 ለአክስቴ ስነግራት «ማን እይልኝ አለህ» ብላ ተቆጥታኝ ሻዩን ሳትቀዳልኝ ሄደች።