372 ኤክስፒ፦ ሰንሰለቱ ወደ ቀኝ ይስባል፣ ኮምፕሬሽኑ 120 ይላል፤ ለጋምቤላ ገዢ እንዴት ልሽጠው?

ባህርዛፍ_ደብረብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁስኳቫርና 372 ኤክስፒ የሞተር መጋዝ አለኝ፤ 70.7 ሲሲ፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሰንሰለቱ ባለ 3/8 ኢንች ሆኖ ቦይ ውስጥ የሚገባው ጥርሱ 72 ነው። ሥራው ባህር ዛፍ ብቻ ነው። ጉልበት እንዲጨምር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተከፍቷል፤ የሲሊንደሩ የታችኛው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወጥቶ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ታሽጓል። ከዚህ ውጭ የተነካ ነገር የለም።

አንደኛ፣ ሰንሰለቱን ሞርጄው ግማሽ ታንክ ቤንዚን ሳይጨርስ ይደነዝዛል። የሚያወጣው እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ነው፤ ወፍራም ግንድ ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ሄዶ ባሩ ይያዛል።

ሁለተኛ፣ መጋዙን ጋምቤላ ያለ ሰው ሊገዛኝ ነው። መካኒክ ልኮ እዚሁ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለካው፤ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አለ። መካኒኩ «ሞተሩ አልቋል» ስላለው ዋጋውን በግማሽ እንድቀንስ ጠየቀኝ። እውነት አልቋል? የተነካካ መሆኑንስ እንዴት አድርጌ ልንገረው፤ ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ሞረድ_በእጄ፦

ስለ ሰንሰለቱ ልመልስልህ፤ የሞተሩን የሚያውቁት ይመልሱልሃል።

ወደ ቀኝ የሚስበው የቀኝ ጥርሶች ከግራዎቹ ስለሚረዝሙ ወይም የተሻለ ስለት ስላላቸው ነው፤ መጋዝ ምንጊዜም ወደሚበረታው ወገን ይሄዳል። በቀኝ እጅ የሚሞርድ ሰው አንዱን ወገን አመቺ ሆኖ ያገኘዋል፣ ሌላው ላይ ክንዱ ይሰንፋል፤ ልዩነቱ የሚጠራቀመው በዚህ ነው። ካሊበር አምጣና ከእያንዳንዱ ጥርስ ጣሪያ ፊት እስከ ኋላ ለካ። 36 ጥርስ ነው ያለህ፣ 18 በዚህ 18 በዚያ። አጭሩን ፈልግና ሌሎቹን ሁሉ ወደ እሱ አውርድ።

አሞራረዱ እንዲህ ነው። ባሩን በሞርሳ አጥብቅ፤ በጉልበትህ መካከል ይዘህ ከሞረድክ አንግሉ አይጠበቅም። ሰንሰለቱ አዲስ ከሆነ 5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ያዝ፣ ጥርሱ ወደ ግማሽ ሲያልቅ ወደ 5.2 ውረድ። ሞረዱን ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ግፋ፤ ስትመልሰው አንሳው፣ መጎተት የሞረዱንም የጥርሱንም ስለት ይገድላል። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ከጥርሱ ጣሪያ በላይ መታየት አለበት። በጣም ዝቅ ካለ ስለቱ እንደ መንጠቆ ይሆንና ቶሎ ይሰበራል፤ በጣም ከፍ ካለ ግንባሩ ወደ ኋላ ይጋደምና እንጨቱን አይነክስም። ብዙ ሰንሰለቶች በጥርሱ ጣሪያ ላይ ወደ ኋላ የተቀረጸች መስመር አላቸው፤ አንግሉንም፣ ጥርሱ የሚጣልበትንም ልክ የምታሳይህ እሷ ናት። ለደረቅ ባህር ዛፍ 25 ዲግሪ ከ30 ይልቅ ስለቱን ያቆይልሃል።

ግማሽ ታንክ ሳይሞላ መደንዘዙ ግን ከክሮሙ ይመስለኛል። የጥርሱ ውጪ በስስ ክሮም የተለበጠ ነው፤ ስለቱን የሚይዘው ክሮሙ ነው፣ ከሥሩ ያለው ብረት ደጋፊ ብቻ ነው። ድንጋይ ወይም አሸዋ ሲነካ ክሮሙ ከጫፉ ወደ ኋላ ይላጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርደህ ጫፉ ስለታም ቢመስልም የተላጠው ቦታ ካላለቀ ስለቱ ባዶ ብረት ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙረህ ጫፉን እይ። ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ደንዟል፤ ስለት ያለው ጫፍ ብርሃን አይመልስም። መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ሞርድ፣ አሥር ምት ቢፈጅም። ከዚያ በኋላ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ለእያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ሦስት ምት ይበቃል።

በመሬት የተጎተተ ግንድ ቅርፊቱ ውስጥ አፈር ይዞ ይመጣል። የምትቆርጥበትን ቦታ በመጥረቢያ ላጠው።

ፊልትሮ፦

ሞተሩ አላለቀም። መካኒኩ የለካው ትክክል ነው፣ ያነበበው ስህተት ነው።

ጌጁ የሚያሳየው ሲሊንደሩ የሳበውን አየር ምን ያህል እንደጨመቀ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር በባህር ወለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። መጽሐፍ ላይ የሚገኙት ቁጥሮች ግን ለባህር ወለል የተጻፉ ናቸው። በባህር ወለል 150 የሚያሳይ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 106 አካባቢ ብቻ ያሳያል። ያንተ 120 እንግዲህ በባህር ወለል ወደ 170፣ ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ በሆነችው ጋምቤላ ደግሞ ወደ 160 ይሆናል። ይህ የደከመ ሞተር አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑ የወጣለት ጤነኛ ሞተር ነው። ሲለካ ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ የማስነሻ ማቅለያዋ ቫልቭ የተዘጋች መሆኗን አረጋግጡ። ቁጥሩ መጨመር እስኪያቆም 5 ወይም 6 ጊዜ ይጎተታል። ቫልቯ ተከፍታ ከነበረ ያገኛችሁት ቁጥር ዋጋ የለውም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ለደብረ ብርሃን ስስ አየር ተስተካክሎ ጋምቤላ ቢወርድ፣ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ማርሚታው መከፈቱ ይህን ያባብሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር መጀመሪያ ላይ እጅግ ጎበዝ ይመስላል፣ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። ከተሸጠ በሳምንቱ የሚነክስ መጋዝ ደግሞ አንተን አታላይ ያስብልሃል። ስለዚህ «ኤች» የሚለውን የካርቡራተር ብሎን (ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው የቤንዚኑን ልክ የሚወስነውን) ከመላክህ በፊት ሩብ ዙር ወደ ግራ ክፈትና ለገዢው ንገረው፤ እዚያ ሲደርስ የዙር አንድ ስምንተኛ እያዞረ ልኩን ይፈልገው። ምልክቱ ድምፅ ነው፦ እንጨት ሳይነካ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ትንሽ መሰባበር አለበት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይጠራል። ባዶውንም ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል።

አንድ ነገር ለካልኝ። ጓርኒሲዮኑ ሲወጣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ከሲሊንደሩ ጣሪያ ጋር የሚቀረው ክፍተት ይጠባል። ስታኞ (ለስላሳ የመበየጃ) ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ አስገባ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙር፣ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊበር ለካ። ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትሽጠው፤ ጓርኒሲዮኑን መልስለት።

ባህርዛፍ_ደብረብርሃን፦

አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ለካሁት። ስታኞው 0.6 አለኝ። የቀኝ ጥርሶች 7.5፣ የግራዎቹ 6.8 ናቸው፤ ነገሩ ልክ እንዳላችሁት ነው። ቀኙን አውርጄ እኩል አደረግኋቸው፣ አሁን ስለቱ ጥሩ ነው። ግን ወደ ቀኝ መሳቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ደግሞ እንጨቱን ቶሎ አይነክስም።

ፒኞን_7፦

አለመንከሱ ከጉብታው ነው። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ጉብታ ጥርሱ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆርጥ ትወስናለች። የጥርሱ ጣሪያ ወደ ኋላ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ፣ ጥርሱን ባሳጠርከው ቁጥር ጉብታዋ ከፍ ብላ ትቀራለች። የ0.65 ሚሊ ሜትር መለኪያ ሳህኗን አስቀምጥና በላይ የወጣውን በጠፍጣፋ ሞረድ አውርድ፤ ከዚያ የጉብታዋን የፊት ጥግ አክብበው። ብልጫ ለማሳየት ብለህ ከልኩ በታች አታውርዳት። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ እንጨቱን ይቦጭቃል፣ ባሩ ወደ ሰው ፊት ተመልሶ ይመታል፤ ጉልበት በተጨመረበት ሞተር ላይ ደግሞ ይህ ሰው ይገድላል።

የቀረው መሳብ ከባሩ ነው። ሰንሰለቱን አውልቀህ ባሩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በጠርዙ አቁመው። ወደ አንድ ወገን ካጋደለ አንዱ ሐዲድ (የቦዩ ጠርዝ) ዝቅ ብሏል፤ ከፍ ያለውን በጠፍጣፋ ሞረድ ቀጥ አድርገህ አውርድ። ቦዩን በደንብ አጽዳ፣ በየጊዜው ባሩን ገልብጠው። ፒኞኑ (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም መዘውር) ላይ ሰንሰለቱ የቆረጠው ጉድጓድ 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀይረው፤ ያረጀ ፒኞን አዲስ ሰንሰለት ይበላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለባሩ የምትጠቀም ከሆነ ተው፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑንም ሐዲዱንም ይፍቀዋል።

ስለ ሽያጩ፦ መነካካቱ ዋጋ አይጨምርም፣ ለእሱ ያወጣኸውን ብር ከገዢው አትጠብቅ። ዋጋውን የሚጠብቅልህ ገዢው የሚያየው ነገር ነው። ማርሚታውን ፍታና የፒስተኑን የጭስ ማውጫ ወገን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሳ፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ከሌለ ይህ ፎቶ ከማንኛውም ቃል ይበልጣል። የስታኞውን ልክ፣ የኮምፕሬሽኑን ቁጥር፣ የተለካበትን ከፍታ ጻፍለት። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) ሲቆም ሰንሰለቱ እንደማይዞር፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ሚኒሞ እንደሚመለስ ቪዲዮ ላክ፤ ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ አየር ያስገባል፣ ከሲሊኮኑ ጀምረህ ፈትሽ። የማርሚታው የእሳት ብልጭታ መያዣ ወንፊት ወጥቶ ከሆነ ሳትደብቅ ንገረው፤ በበጋ ደረቅ ሣር ላይ እሳት ያስነሳል። የድሮው ማርሚታ ካለህ አብረህ ስጠው፣ ደረሰኝና ዲክላራሲዮንም (የጉምሩክ ወረቀት) ካለ እንዲሁ።

ዘይቱንም እንዳትረሳ። 50 ለ 1 ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። አንተ የምታቀላቅለው 40 ለ 1 ከሆነ፣ ማለትም 125፣ ገዢው ያንኑ ይቀጥል፤ ልኩን ከቀየረ ካርቡራተሩ እንደገና መስተካከል አለበት። ይህንን በወረቀት ጽፈህ ከመጋዙ እጀታ ላይ እሰርለት።