ጥያቄ፦ የጠፈር መርከብ ጓድ ውጊያችን በአራት ሰዓት አላልቅ አለን፤ ምኑን እናስተካክል?

ሜዳ_አዘጋጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጓደኛሞች ሁለት ለሁለት ሆነን ፉል ትረስት የተባለውን የጠፈር ውጊያ የጠረጴዛ ጨዋታ በሞዴል መርከቦች እንጫወታለን። እያንዳንዳችን ስድስት መርከብ እናሰልፋለን፤ ሁሉም ደረጃ ሁለት ጋሻ አላቸው። ጠረጴዛው 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የምንለካው ግን በኢንች ነው። አራት ሰዓት ተጫውተንም አሸናፊ አይለይም። መርከቦቹ ከጠረጴዛው ይወጣሉ፣ በየዙሩ በምስጢር የተጻፈው የመንቀሳቀሻ ትእዛዝ ሲገለጥ ክርክር ይነሳል፣ የብረት ሞዴሎቹም ከነመቆሚያቸው ይገለበጣሉ። ከየቱ እንጀምር?

ዳይስ_ቆጣሪ
ከጋሻው ጀምሩ። ጋሻ የሌለው መርከብ ላይ አንድ የጨረር ዳይስ ሲጣል 4 እና 5 አንድ ጉዳት፣ 6 ደግሞ ሁለት ጉዳት ነው። በአማካይ ስድስት ዳይስ አራት ጉዳት ያደርሳል። ደረጃ አንድ ጋሻ 4ን ስለሚያከሽፍ ስድስቱ ዳይስ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ደረጃ ሁለት ላይ 6ም አንድ ብቻ ስለሚሆን ሁለት ይቀራል። (6 ሲወጣ እንደገና የሚጣልበትን ደንብ ሳይጨምር ነው።) ሁሉም ደረጃ ሁለት ሲለብስ ውጊያው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው። ጋሻውን ለዋናው መርከብ ብቻ ተዉለት።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ክፍል 2 የሚባለው የጨረር መሣሪያ እስከ 12 ኢንች ድረስ ሁለት ዳይስ ይጥላል፣ ከ12 እስከ 24 አንድ ብቻ። ሁለቱም ወገን 20 ላይ ቆሞ ከተታኮሰ ግማሹን ዳይስ እያባከነ ነው። ተጠጉ!

ሃያ አራት መርከብም በዝቷል። ለአንድ ሰው አንድ ክሩዘር (መካከለኛ መርከብ) እና ሁለት ትንንሽ አጃቢ ይበቃል። ጊዜ የሚበላው ተኩሱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በመርከቡ መረጃ ወረቀት ላይ ጉዳት ሲደርስ የሚሰረዙት የአካል ሳጥኖች አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ መሣሪያና ሞተር ዳይስ ይጣላል፤ በመጀመሪያው ረድፍ 6፣ በሁለተኛው 5 እና 6፣ በሦስተኛው ከ4 ጀምሮ ያለው ያበላሻል። አንድ በአንድ አትጣሉ። የመሣሪያው ብዛት ያህል ዳይስ በአንዴ ጥላችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንዳረፉበት በወረቀቱ ላይ ካለው ቅደም ተከተል ጋር አስተያዩ። ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጋችሁ በሚጠፋ ማርከር ብትጽፉበት ይመረጣል።

ኮርስ_12
ክርክሩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከግራና ቀኝ ነው። መርከቡ ወደ እናንተ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው። ትእዛዝ ሁልጊዜ በመርከቡ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ይጻፍ። አጻጻፉም አንድ ዓይነት ይሁን፦ «ፍጥነት 8፣ ቀ2 (ወደ ቀኝ ሁለት ነጥብ)፣ +2፣ አዲስ ፍጥነት 10»። የድሮውም የአዲሱም ፍጥነት ከተጻፈ መካካድ የለም።

ይህንኑ ትእዛዝ እንፈጽመው። ግፊቱ (የሞተሩ ጉልበት) 4 የሆነ መርከብ ለመታጠፍ የሚያውለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነጥብ ይታጠፋል፣ የቀረውን 2 ለፍጥነት ያደርጋል። አንድ ነጥብ በሰዓት ፊት ላይ አንድ ቁጥር፣ ማለትም 30 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ፣ 5 ወደፊት፣ ሌላ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ፣ የቀረው 5 ወደፊት። ብዙዎች ሁለቱንም ነጥብ መነሻው ላይ ያዞሩና መርከቡ ሌላ ቦታ ያርፋል። መታጠፊያው ጎዶሎ ከሆነ ትንሹ ክፍል መነሻ ላይ፣ ትልቁ መሀል ላይ ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ሙሉው መሀል ላይ ይዞራል።

ጠረጴዛ_ለኪ
በኢንች ከለካችሁ ያ ጠረጴዛ 47 በ31 ብቻ ነው። ግፊቱ 4 የሆነ መርከብ በአንድ ዙር 60 ዲግሪ ስለሚታጠፍ ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ ሦስት ዙር ይፈልጋል፤ በፍጥነት 12 ከሆነ እስከዚያ 36 ኢንች ተጉዟል። ቢወጣ አይገርምም። ሁሉንም ርቀት በኢንች ፈንታ በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ በፍጥነት 6 ጀምሩ። አሁንም አንዱ ጫፍ ላይ ከደረሰ ሁሉንም መርከብ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ግፉት። ጠፈር ድንበር ስለሌለው በመርከቦቹ መካከል ያለው ርቀት እስካልተለወጠ ድረስ ማንም አይጎዳም። ፕላኔት ወይም አስትሮይድ ካስቀመጣችሁ እሱም አብሮ ይገፋል፤ ይህ በጣም ይረሳል።

ቀለም_ቀቢ
በሴንቲ ሜትር መለካቱን ብስማማበትም ትልልቅ መቆሚያዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። ስለዚህ የሚለካው ከመርከቡ አፍንጫ ሳይሆን ሞዴሉን ከመቆሚያው ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ መሀል ይሁን።

መገልበጡን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው ዘንጉን የሞዴሉ ርዝመት መሀል ላይ ይተክላል፤ የብረት ሞዴል ግን ሞተሩ በኩል ይከብዳል። ክብ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና ሞዴሉን ከላዩ ወደፊትና ወደኋላ አንሸራቱት፤ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጀምራችሁ ወደ 3 አስፉት፤ ጥልቀቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 3 ሚሊ ሜትር ግልጽ የፕላስቲክ ዘንግ በሁለት ቱቦ በሚመጣው ኢፖክሲ አጣብቁና እስኪነጋ አትንኩት። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ተኑ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል፣ ሲመታም በቀላሉ ይላቀቃል። ከመቆሚያው ስር 30 ሚሊ ሜትር የብረት ሮንዴላ ለጥፉ፤ ክብደቱ ታች ሲሆን ክንድ ቢነካውም አይወድቅም።

ሜዳ_አዘጋጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት መርከብ አንድ ቦታ ላይ ቢያርፉስ? ትንንሾቹን ተዋጊ መንኮራኩሮችስ አሁን እናስገባ?

ኮርስ_12
አይጋጩም፤ ሆን ብሎ መግጨት ለብቻው ደንብ አለው። አንዱን ወደ ጎን አድርጋችሁ ትክክለኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ዳይስ አስቀምጡ፤ ርቀት የሚለካው ከዳይሱ ነው። በቀጣዩ ዙር እንቅስቃሴውም ከዳይሱ ይነሳል።

ተዋጊዎቹን ለጊዜው ተዉአቸው። አንድ ቡድን ስድስት ስለሆነና በእነሱ ላይ የሚተኮሰው የመከላከያ ተኩስ በዙሩ ውስጥ የራሱ ተራ ስላለው እያንዳንዱን ዙር ያረዝማል። ትእዛዝ መጻፉና መተኮሱ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ሲሄድላችሁ በየወገኑ አንድ ቡድን ጨምሩ።