አምብሬላ ኢንሹራንስ ልንገዛ ነው፤ ምን እንጠይቅ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤትና ሁለት መኪና አለን፤ ቤዝመንቱን አከራይተናል። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል፤ ልጃችንም ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። የመኪናችን ላያቢሊቲ (በሌላው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን) 100/300/50 ነው። ኤጀንቱ ከመኪናውና ከቤቱ ኢንሹራንስ በላይ የሚደረብ የ1 ሚሊዮን ዶላር አምብሬላ ጨምሩ ይለናል። የምታውቁ ብትመክሩን።

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ መግዛቱ ይጠቅማችኋል። ግን መጀመሪያ የመኪናውን ሽፋን ከፍ አድርጉት። አምብሬላ መክፈል የሚጀምረው ከሥሩ ያለው ፖሊሲ (የመኪናው ወይም የቤቱ ኢንሹራንስ ውል) ገደቡ ላይ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ድርጅቶቹ ከሥር ያለው ሽፋን ከዚህ አይነስ የሚሉት መጠን አላቸው። በብዛት የሚጠይቁት ለመኪና 250/500/100፣ ለቤት ደግሞ የ300 ሺህ ዶላር ላያቢሊቲ ነው። የመኪናው ቁጥሮች በሺህ ዶላር ናቸው፦ ለአንድ ተጎጂ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ፣ ለንብረት።

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አምብሬላው 250 እየጠየቀ እናንተ 100 ላይ ብትቀሩ፣ ወይም በኋላ ወርሃዊ ክፍያ ለመቀነስ ብላችሁ ብታወርዱት፣ መሃል ያለውን ማንም አይከፍልላችሁም። ለአንድ ተጎጂ 900 ሺህ ዶላር ተፈረደ እንበል። የመኪናው ኢንሹራንስ 100 ሺህ ይከፍላል፤ አምብሬላው ከ250 ሺህ በላይ ያለውን 650 ሺህ ይከፍላል፤ የቀረው 150 ሺህ የእናንተ ዕዳ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት ስትቀይሩም ይኸው ይደርሳል፤ አዲሱ ፖሊሲ ገደቡ ዝቅ ብሎ ይገባና ማንም ሳያስተውለው ይቆያል። በየእድሳቱ ዲክላሬሽን ፔጆቹን (የሽፋኑ መጠን የተዘረዘረባቸውን ገጾች) ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ።

ዋጋ ስትጠይቁ የአምብሬላውን ብቻ አትቀበሉ። የመኪናውንና የቤቱን ማሳደጊያ ደምሮ ጠቅላላ ልዩነቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሁለተኛው ሚሊዮን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይረክሳል፤ አብራችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ሲገባ ዋጋው ይጨምራል፤ ቢሆንም አስመዝግቡት። ቤት ውስጥ ያለ ሹፌር ሳይነገር ከቀረ ድርጅቱ አልከፍልም የሚልበትን ምክንያት ራሳችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ከሲያትል፦
ስለ ኡበሩ ልጨምር። አብዛኛው የግል አምብሬላ በክፍያ ሰው ማመላለስን አይሸፍንም። በብዙ ስቴቶች ጥሪ ከተቀበለ ጀምሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ በኡበር በኩል የ1 ሚሊዮን ዶላር ላያቢሊቲ አለ። አፑ ተከፍቶ ጥሪ እየተጠበቀ ባለበት ሰዓት ግን ሽፋኑ በብዛት ወደ 50/100/25 ይወርዳል፤ የሚያሰጋው ያ ሰዓት ነው። በመኪናው ፖሊሲ ላይ የራይድሼር (እንደ ኡበር በአፕ ሰው የማመላለስ) ተጨማሪ ሽፋን አስገቡ። ከዚያ «አምብሬላው በዚህ ላይም ይሠራል ወይ?» ብላችሁ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። የቃል ማረጋገጫ ክስ ሲመጣ አይረዳችሁም። ቤት ውስጥ ራይድሼር የሚሠራ ካለ ጭራሽ የማይሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ ያኔ ሌላ ፈልጉ እንጂ ሥራውን አትደብቁ።

ቤታቸው ውስጥ የልጆች መዋያ ለከፈቱ እና መኪናቸውን በቱሮ (የግል መኪና ማከራያ አፕ) ለሚያከራዩም ያው ነው። ይህ ንግድ ስለሆነ የራሱ የንግድ ሽፋን ያስፈልገዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤዝመንቱስ? ቤቱን በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም እናዙረው የሚልም ሰው አለ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ተከራይ እንዳለ ለቤቱም ለአምብሬላውም ድርጅት ንገሩ፤ ለአጭር ቀን በኤርቢኤንቢ ማከራየት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። የምትኖሩበትን ቤት ወደ ኤልኤልሲ ማዞሩን አልመክርም። የግል አምብሬላ የሚሸፍነው በስም የተጻፉትን ሰዎችና አብረዋቸው የሚኖሩትን ቤተሰብ ነው፤ ኤልኤልሲው ሲከሰስ ከሽፋኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። የቤቱ ኢንሹራንስም ሊበላሽባችሁ፣ ከባንኩ ጋር ባላችሁ የብድር ውልም ጥያቄ ሊነሳ ይችላል።

ስንት ሚሊዮን ለሚለው፣ የቤቱን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ባልና ሚስት በጋራ በያዙት ቤት ላይ የአንዳቸው ብቻ ባለዕዳነት በቀላሉ አይደርስም፤ ሁለቱም አብረው ከተፈረደባቸው ግን ይህ ጥበቃ የለም። 401ኬም (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) በፌዴራል ሕግ ከተራ ዕዳ ጠያቂ የተጠበቀ ነው። ደመወዝ ግን በፌዴራሉ ሕግ ከተጣራው እስከ 25 በመቶ ሊያዝ ይችላል፤ ስቴቶች ከዚህ ሊያጠብቡት ይችላሉ። ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ሰው «ምን ንብረት አለኝና» ማለት የለበትም።

ከሲያትል፦
አንድ የሚረሳ ነገር፦ አምብሬላ እናንተ በሌላው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር እናንተን ቢገጫችሁ ለራሳችሁ ሕክምና አይከፍልም፤ ይህን በአምብሬላው ላይ ለብቻ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጡ አሉ፣ ጠይቁ። አገር ቤት ሄዳችሁ ለምትነዱም፣ የአሜሪካው የመኪና ፖሊሲ የሚሠራው በአሜሪካና በግዛቶቿ እንዲሁም በካናዳ ነው። አምብሬላው «በዓለም ሁሉ» ቢልም ከሥሩ የሚቀመጥበት ፖሊሲ እዚያ የለም። የምትነዱት መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለው አረጋግጡ፤ የአምብሬላውን ቅድመ ሁኔታም አንብቡ።

አደጋ ከደረሰ ለመኪናው ድርጅት ብቻ ደውላችሁ አትቀመጡ። በተለይ ሁለቱ የተለያዩ ድርጅቶች ከሆኑ፣ ሰው የተጎዳበት አደጋ ከሆነ በዚያው ሳምንት ለአምብሬላውም በጽሑፍ አሳውቁ። የክስ ወረቀት ሲደርሳችሁ ደግሞ ኮፒውን በዚያው ቀን ለሁለቱም ላኩ።